የሸማኔዎች ውሻ

በእንግሊዝ አገር ከተገኙት የውሻ ዘሮች መካከል፣ ዮርክሻየር ቴሪየር የሚባለውን ያህል ሰው መልኩን ብቻ አይቶ የሚፈርድበት ያለ አይመስለኝም። ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ብዙ አያልፍም፤ ጠጉሩ እንደ ሐር ለስልሶ እስከ መሬት ይወርዳል፤ የግንባሩም ጠጉር ዐይኑን እንዳይሸፍነው በጥብጣብ ይታሰራል። በመጽሔት ሥዕልና በሲኒማ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ በባለጸጎች ጕያ ታቅፎ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ለቅንጦት የተፈጠረና ከሕፃን መጫወቻ ያልተሻለ ፍጡር አድርጎ ይገምተዋል። እኔ ግን ይህ ውሻ የሠራተኛ ወገን መሆኑን፣ ያውም ከሸማኔ ቤት የወጣ መሆኑን ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ትውልዱን ያላወቀ ሰው ጠባዩን ሊረዳ አይችልም፤ ጠባዩን ያልተረዳም አያያዙን አያውቅበትም፤ በዚህም የሚጎዳው ባለቤቱ ሳይሆን ውሻው ነው። በጽሑፌ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። ቴሪየር የሚለው ቃል ምንጩ ላቲን ነው፤ በላቲን ቴራ ማለት መሬት ወይም አፈር ማለት ሲሆን፣ ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። ስሙ የተሰጣቸውም ቀበሮን፣ አይጥንና እነዚህን የመሰሉ አውሬዎችን እየተከተሉ የመሬት ጕድጓድ ውስጥ ለሚገቡ ውሾች ነው። ሌላው አዳኝ ውሻ በሜዳ ላይ ከጌታው ፊት ይሮጣል፤ ጌታውም በፉጨት ወይም በእጁ ምልክት ያዝዘዋል። ቴሪየር ግን ጨለማ ጕድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያዝዘው የለም። ልግፋ ወይስ ልመለስ፣ ልንከስ ወይስ ልጩኽ የሚለውን ራሱ መወሰን አለበት። ጌታውም ከላይ ሆኖ የት እንደ ደረሰ የሚያውቀው በጩኸቱ ነው። እንግዲህ ሰዎች ይህን ዘር ሲመርጡና ሲያዋልዱ የኖሩት ደፋር፣ ግትርና ጯኺ እንዲሆን ነው። ዛሬ በፎቅ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው «ውሻዬ አይታዘዘኝም፤ ደወል በተደወለ ቍጥር ይጮኻል» ብሎ ሲያማርር ስሰማ፣ ይህ ሁሉ ትውልድ የደከመበትን ነገር እንደ በደል መቍጠሩ ያስገርመኛል።

ዮርክሻየር በሰሜን እንግሊዝ የሚገኝ ሰፊ አውራጃ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የበግ ጠጉር የሚፈተልባቸውና የሚሸመንባቸው ታላላቅ ፋብሪካዎች በብራድፎርድ፣ በሊድስ፣ በሃደርስፊልድና በሃሊፋክስ ከተሞች ተሠሩ። በዚያው ዘመን በስኮትላንድ በቤታቸው ተቀምጠው በእጃቸው ይሸምኑ የነበሩ ሰዎች፣ መኪናው ሥራቸውን ስለ ወሰደባቸው እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ወረዱ። በእጃቸው የተማሩትን ጥበብ ትተው የመኪና ጠባቂ ሆኑ ማለት ነው። ከስኮትላንድ ሲመጡ ትናንሽ ቴሪየሮቻቸውን ይዘው መጡ። ከእነዚህም አንዱ በፔይስሊ ከተማና በክላይድ ወንዝ አካባቢ የሚታወቀው ጠጉረ ረጅሙ ነበር፤ ያ ዘር ዛሬ በዓለም ላይ የለም፤ ጠፍቷል። እነዚህ ውሾች በእንግሊዝ ከነበሩት ትናንሽ ቴሪየሮች ጋር ተዳቀሉ፤ አንዳንዶች ማልቲዝ የሚባለው ነጭ ውሻም ደም እንዳለበት ይናገራሉ። ነገሩን በርግጥ የሚያስረዳ መዝገብ ግን አልተገኘም። አዳቃዮቹ በቀን ዐሥራ ሁለት ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ነበሩና፣ የውሻ የትውልድ ሐረግ ጽፈው የሚያኖሩበት ጊዜም ሆነ ልማድ አልነበራቸውም። ብዙዎቹ ለመጻፍም አይችሉም ነበር።

ውሻውን ትንሽ አድርገው ማዋለዳቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። የሠራተኛው ቤት አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ምግቡም የተለካ ነው። ትልቅ ውሻ የልጆቹን ድርሻ ይበላባቸዋል። አይጥ ግን በቤቱም በፋብሪካውም ሞልቷል፤ የበግ ጠጉር በተከመረበትና ዘይት በፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ይራባል። ስለዚህ ጥቂት በልቶ፣ በጠባብ ቦታ ተኝቶ፣ በመኪናዎች ሥር ገብቶ አይጥ የሚጨርስ ውሻ ለእነርሱ ትልቅ ሀብት ነበር። ቅዳሜ ማታ ደግሞ በመጠጥ ቤት ውስጥ ብዙ አይጦች በአንድ አጥር ውስጥ ይለቀቁና፣ የማን ውሻ ፈጥኖ ይጨርሳቸዋል በሚል ገንዘብ ይወራረዱ ነበር። ጨዋታው ጭካኔ የተመላበት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን የዛሬው ባለ ጥብጣብ ውሻ አያቶች ስማቸውን ያስጠሩት በዚህ ቦታ ነው።

ስለ ጠጉሩም በዚያ ዘመን የሚነገር ቀልድ ነበር። ሌሎች ውሻ አዳቃዮች የዮርክሻየርን ውሻ ጠጉር ርዝመትና ልስላሴ እያዩ፣ «ይህ የተወለደ ሳይሆን በፋብሪካ የተሸመነ ነው» ይሏቸው ነበር አሉ። እኔ ይህን ቀልድ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። በአገራችንም ሸማኔ ለንጉሥም ለድኻም የሚለበሰውን እየሠራ፣ ለብዙ ዘመን እርሱ ራሱ በንቀት ዐይን ሲታይ ኖሯል። ድርና ማጉን አይቶ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለይ ዐይን፣ ያንኑ ችሎታውን ወደ ቡችላ ቢያዞር የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። የጠጉሩን ቅጥነት በጣቱ የሚለካ፣ የቀለሙን ድብልቅ በብርሃን ፊት አገላብጦ የሚመረምር ሰው በመጨረሻ ያገኘው ጀርባው የብረት ቀለም ያለው ጥቁር ሰማያዊ፣ ራሱና እግሮቹ ወርቅማ ቡናማ የሆነ ውሻ ነው። ይህ ቀለም ሲወለድ አይታይም፤ ቡችላው ጥቁርና ቡናማ ሆኖ ይወለድና እያደገ ሲሄድ ጥቁሩ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣል። ስለዚህ አዳቃዩ የሥራውን ውጤት ለማየት አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ መታገሥ አለበት።

ለዘሩ ሁሉ አባት ተብሎ የሚቈጠረው በ1865 በሃደርስፊልድ የተወለደው ቤን ነው፤ በተወለደበት ከተማ ስም ሃደርስፊልድ ቤን ይሉታል። ባለቤቱ ሜሪ አን ፎስተር የምትባል የብራድፎርድ ሴት ነበረች። በውሾች ትርኢት ላይ ብዙ ሽልማት አግኝቷል፤ በአይጥ ገዳይነቱም የታወቀ ነበር። ከእርሱ የተወለዱት ሁሉ የእርሱን ጠጉርና ቅርጽ እየያዙ ስለሚወለዱ፣ የዛሬዎቹ ዮርክሻየር ቴሪየሮች አብዛኞቹ ወደ እርሱ ይቈጠራሉ። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ፤ በ1871 ገና በስድስት ዓመቱ ሠረገላ ገጭቶ ገደለው። በዚያው ጊዜ ገደማ የውሾቹ ስም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የስኮትላንድ ቴሪየር ይባሉ ነበር፤ በ1870 አንድ የጋዜጣ ሰው ግን ዮርክሻየር ላይ ይህን ያህል ከተሻሻሉ በዮርክሻየር ስም ሊጠሩ ይገባል ብሎ ጻፈ፤ ስሙም ጸና። የእንግሊዝ ኬኔል ክለብ በ1886 ዘሩን በይፋ መዘገበው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የፋሽን ታሪክ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ውሻው ከሸማኔው ምድጃ ዳር ተነሥቶ ወደ እመቤቶች ሳሎን ገባ፤ በጠጉሩ ርዝመት ምክንያት የትርኢት ጌጥ ሆነ፤ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። በ1957 በወጣው «ፈኒ ፌስ» በተባለው ፊልም ላይ ኦድሪ ሄፕበርን የራሷን ዮርክሻየር ይዛ ታየች። በ1978 በኒው ዮርክ የዌስትሚኒስተር ውድድር፣ በ1997 ደግሞ በእንግሊዝ የክራፍትስ ውድድር ከዘሩ አንዳንድ ውሻ የበላይነቱን ሽልማት ወሰደ። ሽልማቱን ያገኘ ማንም ባለቤት ውሻውን ወደ አይጥ ጕድጓድ አስገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ይህን ውሻ የተዋወቅሁት በትርኢት ላይ አልነበረም። በ1984 ለትምህርት ወደ ብራድፎርድ በሄድሁ ጊዜ ክፍል ያከራዩኝ ባልቴት ከዐሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ በሱፍ ፋብሪካ የሠሩ፣ አባታቸውም እዚያው የሠሩ ሰው ነበሩ። ቤስ የምትባል ዮርክሻየር ነበረቻቸው። በእኛ ቤት ልማድ ውሻ ቦታው ከደጅ ነው፤ ጌታውን ይጠብቃል፣ ፍርፋሪውን ይበላል፣ ዝናብ ሲመጣ ከዳር ይጠለላል እንጂ ከምንጣፍ ላይ አይተኛም። ቤስ ግን ከምድጃው አጠገብ የራሷ ቦታ ነበራት፤ እኔ ሳላውቅ በቦታዋ ላይ የተቀመጥሁ እንደ ሆነ ፊት ለፊቴ ቆማ እስክነሣ ድረስ ታፈጥብኝ ነበር። ባልቴቲቱ ያዘኑልኝ መስለው፣ «ልጄ ሆይ፣ እርስዋ እዚህ እንግዳ አይደለችም፤ ሠራተኛ ናት፤ ኪራይ የሚከፍል ሰው ብትሆንም እርስዋ ትቀድምሃለች» አሉኝ።

ሠራተኛ ናት ያሉት ቀልድ አልነበረም። ቤስ አምስት ኪሎ ያህል የምትመዝን፣ ጠጉሯ በመቀስ አጥሮ የተቈረጠ፣ ለትርኢት ብትቀርብ ዳኛ የማያያት ውሻ ነበረች። ከቤቱ ሥር የድንጋይ ከሰል የሚቀመጥበት ምድር ቤት ነበር፤ በክረምት አይጥ ይገባበታል። በሩ በተከፈተላት ጊዜ ጅራቷን አቁማ ዝም ብላ ትወርዳለች። ሁልጊዜ የምትጮኸው ውሻ እዚያ ቦታ ላይ ድምፅ አታሰማም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ሲንኳኳ ይሰማል፤ ከዚያ ትመጣና አይጧን ከእመቤቷ እግር ሥር ታስቀምጣለች። አይጧን ነክሳ አንድ ጊዜ ብቻ ታራግፋታለች፤ አንገቷ ተሰብሯልና ሁለተኛ አያስፈልግም። ይህን ያስተማራት ማንም የለም። እናቷም አያቷም በከተማ ቤት ያደጉ ነበሩ።

ድፍረቷ ግን ለራሷ አደጋ ነበር። አንድ ቀን በመናፈሻው ስንሄድ የጀርመን እረኛ ውሻ የሚባለው ዓይነት አንድ ትልቅ ውሻ ከጌታው አምልጦ ወደ እኛ ሮጠ። ቤስ ገመዷን ከእጄ ነጥቃ በመካከላችን ቆመችና ጥርሷን አሳየችው። ትልቁ ውሻ ነገሩ ግራ ገብቶት ቆመ፤ ጌታውም ደርሶ ያዘው። እቤት ስንመለስ በአድናቆት ስተርክላቸው ባልቴቲቱ አልሣቁም። «ትልቅ መሆኗን እንጂ ትንሽ መሆኗን የነገራት የለም፤ ያን ማወቅ የእኛ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ መናፈሻ ስንሄድ ገመዷን በእጄ ላይ ሁለት ጊዜ እጠቀልለው ነበር። ቆይቼ ስለዚህ ዘር የተጻፈውን ሳነብ ከዚህ ቃል የተሻለ ምክር አላገኘሁም።

የዚህን ዘር ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ለዓለም ያሳየች ስሞኪ የተባለች ውሻ ናት። በ1944 የካቲት ወር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አንድ አሜሪካዊ ወታደር በኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ በተተወ የምሽግ ጕድጓድ አገኛት። ማን ወደዚያ እንዳመጣት በጊዜው አልታወቀም፤ የጃፓንኛም የእንግሊዝኛም ትእዛዝ አታውቅም ነበር። ቢል ዊን የተባለ የክሊቭላንድ ከተማ ተወላጅ የሆነ አሥር አለቃ በሁለት የአውስትራሊያ ፓውንድ ገዛት። ክብደቷ ሁለት ኪሎ የማይሞላ፣ ቁመቷ ዐሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የሠራዊቱ ሕጋዊ ውሻ ስላልነበረች የራሷ ቀለብ አልነበራትም፤ ከጌታዋ የቆርቆሮ ምግብ ትካፈል፣ በድንኳኑ ውስጥ ትተኛ፣ በአውሮፕላንም አብራው ትበር ነበር።

ታሪኳ የታወቀው በፊሊፒንስ ነው። በ1945 መጀመሪያ በሉዞን ደሴት በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ አጠገብ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ የስልክ ሽቦ ከሜዳው ሥር ማሳለፍ አስፈለገ። በሜዳው ሥር የሚያልፍ የውሃ መውረጃ ቱቦ ነበር፤ ርዝመቱ ሃያ አንድ ሜትር፣ ስፋቱ ግን ሃያ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በየመጋጠሚያውም አፈር ገብቶ ብዙውን ቦታ ደፍኖታል። ሽቦውን በሰው ጕልበት ለማሳለፍ ሜዳውን መቈፈር ሊያስፈልግ ነው፤ ሥራው ሦስት ቀን ይወስዳል፤ በዚያም ጊዜ ቈፋሪዎቹና አርባ የሚያህሉ አውሮፕላኖች ለጠላት ቦምብ ተጋልጠው ይቆያሉ። ዊን ከስሞኪ አንገት ማሰሪያ ላይ ገመድ አሰረ፤ እርሱ በዚያኛው አፍ ተንበርክኮ በስሟ ጠራት። መጀመሪያ ጥቂት ገብታ ተመለሰች። እንደገና ጠራት። ከዚያ በኋላ አፈሩ አቧራ ሆኖ ስለ ተነሣ አላያትም። በመጨረሻ ሁለት ዐይኖቿ ብልጭ ሲሉ አየ፤ የቀረውን መንገድ ሮጣ ወጣች። ሥራው ደቂቃዎች ብቻ ፈጀ።

እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ጊዜ የሚታየኝ ጀግንነቱ ብቻ አይደለም። ያ ቱቦ የጥንቱ የቀበሮ ጕድጓድ ነው፤ ጨለማው፣ ጥበቱ፣ የአፈሩ ሽታ፣ ከዳር የሚሰማው የጌታ ድምፅ ሁሉ አለበት። ሃያ ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ትልቅ ውሻ ሊገባ አይችልም፤ ትንሽና ፈሪ ውሻ ደግሞ ቢገባም አይገፋም። ሸማኔዎቹ የደከሙበት ሁለቱ ነገር፣ ትንሽነትና ድፍረት፣ በአንድ ቦታ የተፈለጉት በዚያ ቀን ነው። ስሞኪ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ በሆስፒታል የተኙትን ቍስለኞች ስታጫውት ኖራ፣ ከጦርነቱ በኋላም ከዊን ጋር ወደ ክሊቭላንድ ሄዳ፣ በ1957 የካቲት ወር ሞተች። በ2005 በዚያው ከተማ አጠገብ በተቀበረችበት መናፈሻ ሐውልት ቆመላት፤ ሐውልቱ በወታደር የብረት ቆብ ውስጥ ተቀምጣ ያሳያታል።

እንግዲህ ወደ አያያዙ ልምጣ። ጠጉሩ ረጅም ሆኖ የሚተው ከሆነ በየቀኑ ሊበጠር ይገባል፤ ሐር መሳይ ስለ ሆነ ቶሎ ይቋጠራል፤ ቋጠሮውም ቆዳውን ይስባል፣ ያቈስላል። በትርኢት የሚቀርቡት ውሾች ጠጉራቸው እንዳይሰበር በወረቀት እየተጠቀለለ ይታሰራል። ይህ ለባለቤቱ እንጂ ለውሻው የሚሰጠው ጥቅም የለም። የእኔ ምክር እንደ ቤስ አሳጥሮ መቍረጥ ነው። ውሻው አይበርደውምን ለሚል፣ አዎን ይበርደዋል፤ ከጠጉሩ ሥር ሌላ ውሻ ያለው ዓይነት ወፍራም ንጣፍ ጠጉር የለውም፤ ስለዚህ በክረምትና በደጋ ከቤት ውጭ የሚያድር ውሻ አይደለም።

ጥርሱ ሁለተኛው ነገር ነው። መንጋጋው ትንሽ ስለ ሆነ ጥርሶቹ ተጨናንቀው ይበቅላሉ፤ ብዙ ጊዜ የወተቱ ጥርስ ሳይነቀል ቋሚው ይወጣበታል። በዚህም ምክንያት ምግብ በመካከል ይቀመጥና ድዱ ይታመማል፤ ገና በወጣትነቱ ጥርሱ የሚወልቅ ውሻ ብዙ ነው። የወተት ጥርስ ሳይወድቅ የቀረ እንደ ሆነ ሐኪም ሊነቅለው ይገባል፤ ከዚያም በኋላ በውሻ የጥርስ ሳሙና በየቀኑ መቦረሽ ያሻል። ይህን ስናገር የሚሥቅ ሰው አለ፤ የተበላሸ የውሻ አፍ ጠርጎ የሚያውቅ ግን አይሥቅም።

ሦስተኛው አንገቱ ነው። በዚህ ዘር የአየር ቧንቧው ቀለበቶች ሲደክሙና ሲተኙ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ውሻው እንደ ዝይ ድምፅ ያለ ሳል ያስላል። ስለዚህ ሲወጣ ገመዱ ከአንገቱ ሳይሆን ደረቱን ከሚይዝ ማሰሪያ ላይ መታሰር አለበት፤ መጎተትም አይገባም። የጕልበቱ ሎሚ ከቦታው የመንሸራተት ጠባይም ስላለው፣ ከአልጋና ከወንበር ላይ ደጋግሞ እንዲዘል መተው ጥሩ አይደለም። ከዚህም በቀር በአንዳንዶቹ ደም ወደ ጉበት ሳይገባ በሌላ ጅማት የሚያልፍበት፣ ከልደት ጀምሮ የሚመጣ ሕመም ከሌሎች ዘሮች ይልቅ ይበዛባቸዋል። ቡችላው የማያድግ፣ ከበላ በኋላ የሚፈዝ ከሆነ ይህን መጠርጠርና ሐኪም ማየት ነው።

ምግቡ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ሊሰጥ ይገባል፤ ቡችላ ከሆነ በቀን አራት ጊዜ። ሆዱ ትንሽ፣ የሚያከማቸውም ስብ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ሳይበላ የቆየ ቡችላ የደሙ ስኳር ወርዶ ሊንቀጠቀጥና ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማር በጣት ድዱ ላይ ቀብቶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ቸኮላት፣ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ ለማንኛውም ውሻ መርዝ ናቸው፤ ለሦስት ኪሎ ውሻ ደግሞ ጥቂቱም ይበቃዋል። እኛ ቤት የተረፈ ወጥ ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ ወጣችን ግን ያለ ሽንኩርት የሚሠራ አይደለምና፣ ይህ ልማድ ለዚህ ውሻ አይሆነውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም በየጊዜው ሊደገምለት ይገባል፤ «ከቤት አይወጣም» ማለት ምክንያት አይሆንም፤ ከአጥር ሾልኮ የሚገባ ሌላ ውሻ አለና።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የትንሽነቱ ነገር ነው። ሸማኔዎቹ ትንሽ ያደረጉት ለሥራ ነበር፤ ዛሬ ግን ትንሽነት ራሱ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። ሃደርስፊልድ ቤን ከዛሬዎቹ ልጆቹ ይልቅ ገዘፍ ያለ ነበር። በ1945 በእንግሊዝ የሞተች አንዲት ዮርክሻየር በትከሻዋ ከሰባት ሳንቲ ሜትር ያነሰች፣ ክብደቷም መቶ ዐሥራ ሦስት ግራም ብቻ ነበር ተብሎ ተመዝግቧል፤ የዓለም ትንሽ ውሻ ተብላ ስሟ ይነሣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላት እንደ ሞተች ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ዛሬ «የሻይ ስኒ» እያሉ የሚሸጧቸው ቡችሎች የተለየ ዘር አይደሉም፤ ማንም የታወቀ ማኅበር አልመዘገባቸውም። ደካማውን ከደካማው በማዋለድ፣ አንዳንድ ጊዜም ቡችላውን ከጊዜው በፊት ከእናቱ ለይቶ ትንሽ መስሎ እንዲታይ በማድረግ የሚገኙ ናቸው። አጥንታቸው በቀላሉ ይሰበራል፤ የአናታቸው አጥንት ሳይገጥም ይቀራል፤ የደማቸው ስኳር በየጊዜው ይወርዳል። ገዢው ለድካማቸው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል።

ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚህ አዲስ አበባ የዚህን ዓይነት ቡችላ ለልጁ ሊገዛ አስቦ ሥዕሉን አሳየኝ። ቡችላው በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዋጋው የአንድ አስተማሪ የብዙ ወራት ደመወዝ ነው። «እናቱን አይተሃል?» አልሁት። አላየም። «ስንት ሳምንቱ ነው?» አልሁት። ሻጩ በስልክ ስምንት ሳምንት ብሎታል፤ እኔ ግን በሥዕሉ ላይ ጆሮው ገና ታጥፎ ዐይኑም ውሃ አዝሎ አየሁት። ይህን ሁሉ ከላይ የጻፍሁትን በቃሌ ነገርሁት። ልጁ አጠገባችን ቆማ ትሰማ ነበርና፣ አሳዘነችኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ አገር ሰዎች የስድስት ዓመት ሴት ዮርክሻየር የሚቀበላቸው እንደሚፈልጉ ሰማሁና ነገርሁት። አራት ኪሎ ትመዝናለች፤ ሦስት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ክትባቷ ሙሉ ነው። ልጁ መጀመሪያ «አሮጊት ናት» ብላ ፊቷን አዞረች አሉ። ዛሬ ግን ጠጉሯን በየማታው የምታበጥራት እርስዋ ናት። ባልደረባዬ ባለፈው ሳምንት እንደ ነገረኝ፣ ውሻዋ የጤፍ ጆንያዎች ካሉበት ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ አልነሣ አለች፤ በአራተኛው ቀን በሩን ከፈቱላት።